ክር ስቀይር ብሪጁ ተነሳብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ስትራቶካስተር ጊታር አለኝ፣ 9 ቁጥር ውፍረት ባለው ክር ነበር የምጫወተው፣ ሰሞኑን ወደ ወፈር ያለው 10 ስቀይረው ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) ከኋላ ብድግ አለና ክሮቹ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች) ራቁ። ሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ብረቶች) ዝቅ ባደርጋቸውም አልሆነልኝም፣ አንዱን ክር ስቃኝ ሌላው ይወርዳል። የጓደኛዬ ሌስ ፖል ጊታር ግን እንዲህ አያስቸግርም፣ ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ ሳድሉን ለጊዜው ተወው፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ያንተ ብሪጅ ተንሳፋፊ ነው፣ ባንድ በኩል ክሮቹ በሌላ በኩል ደግሞ ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል፣ 10 ክር ከ9 የበለጠ ስለሚወጠር ክሮቹ አሸነፉ ማለት ነው። የጀርባውን ክዳን ፍታው፣ ሞላዎቹ የተንጠለጠሉባትን ብረት እንጨቱ ላይ የያዙ ሁለት ብሎኖች ታያለህ፣ ሁለቱንም እኩል ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቅና እንደገና ቃኝ፣ ብሪጁ ከኋላው 3 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ተነስቶ እስኪቆም ደጋግመው። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዱን ስትቃኝ ሌላው የሚወርደውም በዚሁ ሚዛን የተነሳ ነው፣ ስትመላለስበት እየረጋ ይሄዳል።

ወፍራም ክር አንገቱንም ትንሽ ሊያጎብጠው ስለሚችል እሱንም እየው። ከዛ ነው የሳድል ተራ፣ ቁመቱን 12ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ አድርገህ ጀምር፣ ክሩ ከተንጫጫ ከፍ አድርገው። ስትለካ ጊታሩን እንደምትጫወትበት ያዘው እንጂ አታስተኛው።

በመጨረሻ ኢንቶኔሽን፣ ማለትም ክሩ አንገቱ ላይ የትም ስትጫነው ቅኝቱን መጠበቁ። 12ኛው ፍሬት ላይ መጀመሪያ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ ብቻ አድርገህ የሚወጣውን ድምፅ) ከዛ ተጭነህ ምታና ቲዩነሩን (መቃኛ መሣሪያውን) እይ፣ የተጫንከው ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቀው፣ ዝቅ ካለ አቅርበው፣ በነካኸው ቁጥር እንደገና መቃኘት አትርሳ።

የጓደኛህ ብሪጅ ቱን ኦ ማቲክ ነው፣ በሁለት ምሰሶ ላይ ቆሞ ስለማይንቀሳቀስ አንዱን ክር ብትነካው ሌላው ብዙም አይሰማውም። ቁመቱን ግን በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው የምታስተካክለው፣ እንዳንተ እያንዳንዱን ክር ለብቻ ማንሳት የለም፣ እኔ ለዚህ ስል ያንተን እመርጣለሁ። ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹ የሚቆለፉበት ተንሳፋፊ ብሪጅ) ከያዝክ ደግሞ ሚዛኑ እንዳንተው ነው፣ ክር ስትቀይር አንድ አንዱን ቀይር፣ ከመቃኘትህ በፊትም አንገቱ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ፍታ፣ ተቆልፎ እያለ የመቃኛ ቁልፉን ብትጠመዝዘው ክሩ ሊበጠስ ይችላል።