በሕልሜ ሒሳብ እየሠራሁ አድራለሁ፤ ሕመም ይሆን?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን እየሠራሁ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት ላይ ለታክሲ ሰልፍ እነሳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሕልም እያየሁ መሆኔን እዚያው ሕልሙ ውስጥ አውቃለሁ፤ አንዳንዴም ዴቢትና ክሬዲቱ አልገጥም ያለኝን ሒሳብ ሳስተካክል አድራለሁ። ጓደኛዬ «እንዲህ ማጥናት ይቻላል» ስላለኝ 9 ሰዓት ላይ በአላርም እየነቃሁ ተመልሼ እተኛለሁ። እናቴ ደግሞ ጠበል ካልሄድክ ትለኛለች።

መልስ፦ የሚያዩት ሕልም ሕመም አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ያጋጥማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ፣ አንድ ተኝቶ የነበረ ሰው ከሕልሙ ሳይወጣ አስቀድመው በተስማሙበት መንገድ ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዝግቧል። ዓይን የተመረጠው፣ ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ደረጃ ከዓይንና ከመተንፈሻ ጡንቻዎች በስተቀር አብዛኛው ሰውነት ስለሚዝል ነው። ይህ መዛል ሰው ከነቃ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሲቆይ «ዱካክ ተጫነኝ» ያሰኛል፤ እንቅልፍን እየቆራረጡ መተኛትም ያባብሰዋል። ስለዚህ የእናትዎ ሥጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ቀን የተማርነውን አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ መልሶ እንደሚያነሣውና እንደሚያጸናው በሚገባ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በኮምፒውተር ላይ የተወሳሰበ መተላለፊያ መንገድ ከተለማመዱ በኋላ ሸለብ ካደረጉት መካከል ስለዚያው መንገድ ያለሙት ጥቂት ሰዎች ሲነቁ ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ሕልሙ አሻሻላቸው ወይስ አእምሯቸው ይሠራው የነበረው ሥራ በሕልም ታየ የሚለው ገና አልተለየም፤ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በሕልም የገጠመውንም ሒሳብ ጠዋት ወረቀት ላይ ሳይፈትሹ አይመኑት፤ ሕልም ውስጥ ቁጥርና ጽሑፍ ዞር ብለው ሲያዩት ይለዋወጣል።

የሚያሳስበኝ አላርሙ ነው። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ በግምት በየ90 ደቂቃው እየተመለሰ ወደ ንጋት ሲቃረብ ይረዝማል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል፤ እርስዎ የሚተኙት ግን 6 ብቻ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ሲነሡ ደግሞ ከእርሱም ለትምህርትዎ ይጠቅማል ብለው ያሰቡትን ክፍል ይቆራርጡታል። አላርሙን ይተዉት። ከተቻለ ከባዱን ምዕራፍ ማምሻውን አንብበው፣ ከሰዓት በኋላ ቡናም ጫትም ሳይነኩ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይተኙ። ሕልሙ በራሱ ጊዜ ከመጣ ይምጣ።

ቀን ላይ ሥራ ቦታ ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነ፣ ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበትዎ የሚከዳዎት ከሆነ፣ ወይም ነቅተው ሳለ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማዎ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።