የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለውን የወላጆቼን የጭቃ ቤት በራሴ እጅ እያደስኩ ነው። ግንቦት ላይ ውስጡንም ውጩንም በሲሚንቶ ለሰንኩት። የውስጡ እስካሁን ምንም አልሆነም። የውጩ ግን ነሐሴ ላይ አብጦ መስከረም ሳይጠባ ሰፌድ ሰፌድ እያከለ ወደቀ። እንደገና ልለስነው ወይስ የሽቦ መረብ ልምታበት?

መልስ፦ አሁን አይለስኑት። የውስጡ ልስን መቆሙ እጅዎ ደህና እንደሆነ ያሳያል፤ በዚህ ደስ ይበልዎት። የውጩን የጣለው ውሃ ነው።

ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አንዴ ከጠነከረ ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለቱ አብረው መሄድ ስለማይችሉ ልስኑ ፀጉር በሚያህል መስመር ይሰነጠቃል። ዝናብ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል፤ ሲሚንቶው እንደ ክዳን ገጥሞበታላ። ከኋላ ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኖ ልስኑን ይለቀዋል።

ከወደቀው አንዱን ቁራጭ አንስተው ጀርባውን ይዩት። ጭድ ያለበት ጭቃ ተጣብቆበት ከመጣ ልስኑ በደንብ ይዞ ነበር፤ የተሸነፈው ጭቃው ነው። ጀርባው ንጹሕ ግራጫ ከሆነ ግን አቧራው ሳይጠረግና ግድግዳው ሳይረጭ ተለስኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቀረውን ልስን በማንካ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡ። ባዶ የሚጮኸውን ሁሉ ያንሱ። ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ፤ እስከ ኅዳር መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀው ያሳድሩት። ጠዋት በግድግዳው በኩል ያለው ፊቱ ጤዛ ካዘለ ገና ነው። በዚህ መሃል የቋሚዎቹን እግር በካቻቪቴ ይውጉ። እንደ ቅቤ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ ያ ሳይቀየር የሚለሰን ልስን ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ውሃውን ከምንጩ ያቁሙት። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ከውስጡ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ደጁም በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ካልወጣ ቆርቆሮ ያስጨምሩ ወይም አሸንዳ ያስገቡ። አብዛኛው ጉዳት ከታችኛው ግማሽ ሜትር የሚጀምረው ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ስለሚፈናጠር ነው።

የውጩን በጭቃ መልሰው ይምረጉት። አፈሩ ሸክላ ከበዛበት ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ከበዛበት ይረግፋል፤ ስለዚህ በግምት አይሂዱ። ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ እጅ አፈር ይዘው አንዱን ከግማሽ እጅ አሸዋ፣ ሁለተኛውን ከአንድ እጅ፣ ሦስተኛውን ከሁለት እጅ ጋር ያቡኩ። በሦስቱም ላይ እኩል የጤፍ ጭድ ጨምረው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች እዚያው ግድግዳ ላይ ይምረጉ። በአራት ወይም በአምስት ቀን ሲደርቁ ያልተሰነጠቀውንና በመዳፍ ሲታሽ የማይረግፈውን ይምረጡ። ዋናውን ጭቃ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ እያረጠቡና እየረገጡ ያቆዩት፤ ጭዱ ሲልም ጭቃው ይያያዛል።

ግድግዳውን ውሃ ይርጩት እንጂ አያጥቡት። የመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ገና ሳይጠነክር ፊቱን ጫር ጫር ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርቡ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ የሚሰነጠቅበትም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ አፈሩ በወንፊት የተነፋ፣ ጭዱም የደቀቀ ይሁን። በፍራታሶ (በልስን ማለስለሻው) ያስተካክሉት።

ለቀለም ኖራ ይጠቀሙ። ጥሬው ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ ቀድሞ በውሃ የጠፋውን፣ ማለትም ፈልቶ ያበቃለትን፣ የኖራ ዱቄት ይግዙ፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ዓይን ያቃጥላል። እንደ ወተት አቅጥነው፣ ግድግዳውን እያረጠቡ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ ሦስት አራት ዙር ይቀቡ። የፕላስቲክ ቀለም ግን እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍንብዎታል።

ሽቦውን በተመለከተ፦ ሲሚንቶ የግድ ካሉ መረቡ ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚውና ማገሩ ላይ በሚስማር ይመታ፤ መገጣጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ ይሁን፤ ሰባት ቀን ውሃ ያጠጡት፣ የታችኛው ጫፉም መሬት አይንካ። ይህ ልስኑን እንደ ሰሌዳ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፣ እርጥበቱን ግን አያስወጣም። እኔ ብሆን ጭቃውን እመርጣለሁ።

የውስጡን ልስን፣ ባዶ ድምፅ እስካልሰጠ ድረስ፣ አይንኩት።