መልስ፦ ለብቻው የተዘጋበትን እስረኛ ማን ያየዋል?

አብሽሪ እህቴ። «ወንድሜን ለብቻው ክፍል አስገቡት፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ስንቅ ይዤ ወጥቼ ሳላየው እመለሳለሁ፤ ማነው የሚከታተለው?» ብለሻል። ማረሚያ ቤት በጥበቃ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚናገሩ የማንዴላ ደንቦች አሉ። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር በወጉ ሳይገናኙ መዘጋት ለብቻ መታሰር ነው ይላሉ። ከ15 ተከታታይ ቀን ማለፍ ክልክል ነው። የጤና ባለሙያም በየቀኑ ሊያየው ይገባል።

ችግሩ የሰው ኃይል ላይ ነው። እኛ ጋ ሌሊት ኮሪደሩን የሚይዘው አንድ ጠባቂ ብቻ ነበር። አንዴ ሰው ከውስጥ በሩን ይደበድባል፤ ቁልፉ ኃላፊው ዘንድ ነው። እስኪመጣ መዳፌን በሩ ላይ አድርጌ «አለሁ፣ አለሁ» እለው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ቢያንስ ሁለት ሰው፣ በየሰዓቱ የሚፈረምበት መዝገብና ከውጭ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የግድ ያስፈልጋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የቅርብ ዘመድ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የገባበትን ቀንና ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ዝም ካሉሽ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አመልክቺ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ሄደሽ የተመለስሽበትን ቀን ሁሉ መዝግቢ።