ልጆችና በጭንቅላት ማስላት፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መላሻችን ልጆችን አባከስ፣ ማለትም ዘንግ ላይ ዶቃ እያንቀሳቀሱ የሚያሰሉበትን መሣሪያ፣ የሚያስተምሩት ጋሼ ናቸው። "ጥያቄ ግልጽ ይሁን፤ የተመለሰውን አትድገሙብኝ" ብለዋል።

የሀዋሳ እናት፦ ጋሼ ሰላም ዋሉ። ትንሿ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። አባከስ ላስጀምራት ወይስ ገና ናት?

ጋሼ፦ እስከ 10 ቆጥራ ቁጥሮቹን አይታ ከለየች ጀምሪላት። ካልለየች ቆዪ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃታል። ሰዓት ግን አትያዢባት።

የገርጂ አባት፦ ከመርካቶ አባከስ ገዛሁ። ባለቀለም ነው፤ በየዘንጉ 10 ዶቃ አለው። ይሆናል?

ጋሼ፦ አይሆንም። እሱ መቁጠሪያ ነው። እኛ የምንሠራው በጃፓኑ ሶሮባን ነው። ከመሀል አግዳሚው በላይ በየዘንጉ 1 ዶቃ አለ፤ ከታች 4። የላይኛው 5 ነው፤ የታቾቹ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። ልዩነቱ የሚገባህ 4 ላይ 3 ስትደምር ነው። አራቱም የታች ዶቃዎች ተይዘዋል፤ የሚጨመር ዶቃ የለም። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? የላይኛውን 5 በሌባ ጣቱ ያወርዳል፣ 2 አብዝቷልና ከታች 2 ይመልሳል። 7 ሆነ። 8 ላይ 6 ሲደምር ደግሞ ከአንዶች ዘንግ 4 ይቀንሳል፣ በግራው የአሥሮች ዘንግ 1 ዶቃ ያወጣል። 14 ሆነ። ጣቱ ይህን ሲለምድ ዶቃው ቢወሰድም አየር ላይ ያንቀሳቅሰዋል። ዶቃውን በዓይነ ሕሊናው እያየ ነው ማለት ነው። በጭንቅላት ማስላት የምንለው እሱን ነው። ግን በራሱ ጊዜ ይምጣ፤ ዶቃውን ቶሎ አትንጠቁት! ወላጅ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሰዓትም አትያዙ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ ጋ ያለ አንድ ማዕከል "ሁለቱንም የአንጎል ክፍል ያነቃቃል፣ ልጅዎን በሁሉም ትምህርት ጎበዝ ያደርጋል" ይላል። ክፍያው ቀላል አይደለም። እውነት ነው?

ጋሼ፦ ማስታወቂያ ነው። በህንድ ቫዶዳራ ከተማ ተማሪዎችን በዕጣ መድበው 3 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። ውጤቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አባከስ የተማሩት በስሌት በለጡ። በማስታወስና በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። ስሌት እንዲችል ከሆነ ክፈል። ሊቅ ይሁንልኝ ብለህ ከሆነ ዶላርህን ያዝ።

እንግዳ፦ ልጄ ሒሳብ አይወድም። ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ ምኑን ነው የማይወደው? መቀነሱን? አስተማሪውን? ፈተናውን? ለይተው ይምጡ።

ከባሕር ዳር፦ ከስንት ዓመት ነው የሚጀመረው?

ጋሼ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

መምህር ከደሴ፦ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለትንንሾቹ ውድድር ላዘጋጅ አስቤያለሁ። የውጭዎቹ እንዴት ነው የሚወዳደሩት?

ጋሼ፦ ዩሲማስ የሚባለው የአባከስ ማሠልጠኛ ድርጅት 200 ጥያቄ በ8 ደቂቃ ያሠራል። ለአንዱ ጥያቄ 2 ሰከንድ ተኩል እንኳ አይደርስም። በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን የተጀመረው የጭንቅላት ስሌት የዓለም ዋንጫ ደግሞ ባለ 10 አሃዝ ቁጥሮችን አሥር አሥሩን ያስደምራል፣ ባለ 8 አሃዞችን ያባዛል። በ2010 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ህንዳዊቷ ፕሪያንሺ ሶማኒ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። አንተ ግን ይህን እንዳትኮርጅ። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል 10 ጥያቄ ስጥ፣ በቡድን ይሥሩ፣ ነጥቡ ለትክክለኛነት ብቻ ይሁን። ሰዓት አትያዝ አልኩ።

አዛውንት ከጎንደር፦ ይሄ ሁሉ መቅበጥ ነው። እኛ ማባዣ የሸመደድነው በአርጩሜ ነው። ማንም አልሞተም።

የሀዋሳ እናት፦ አልሞተም አባቴ፤ ግን ስንቱ ሒሳብን እንደፈራ ቀረ! እኔ እስካሁን 7 በ8 ሲሉኝ ላብ ያሰምጠኛል።

አዛውንት ከጎንደር፦ 56። አየሽ? አርጩሜ ሠርቷል።

መምህር ከደሴ፦ ለእርስዎ ሠርቶ ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ሌላ ነው። ልጅ ሲደነግጥ በጭንቅላቱ የያዘው ቁጥር ይበተንበታል። ቤቱ 56ን የሚያውቅ ልጅ ሰሌዳ ፊት ይጠፋበታል።

ጋሼ፦ ክርክሩን በውስጥ ጨርሱት። እኔ ግን ከዚያ የዓለም ዋንጫ የምወደውን አልነገርኳችሁም። አንዱ ፈተና ቀን ማውጣት ነው። ከ1600 እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ያሉ ቀኖች ይሰጣሉ፤ ተወዳዳሪው በ1 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው ይላል። ይሄ እኮ የኛ የባሕረ ሐሳብ ሥራ ነው! የ4ኛ ክፍል ልጅ ይችለዋል። እንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደሚውል እናውጣ፤ በኛ አቆጣጠር 2018ን እንውሰድ። 5500 ጨምሩበት፤ 7518። ለ4 አካፍሉ፤ 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። አሁን 7518ንና 1879ን ደምሩ፤ 9397። ከዚህ ሰባት ሰባቱን ጣሉ። መጀመሪያ 9100 ጣሉ፤ 297 ይቀራል። 280 ጣሉ፤ 17። 14 ጣሉ፤ 3። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያላችሁ ቁጠሩ፤ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ነው። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር፤ ካላንደር አውጥታችሁ እዩ። ሩቡ ለምን ይደመራል? እንቁጣጣሽ በየዓመቱ 1 ቀን ይገፋል፤ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ሌላ 1 ይጨምራል። ለልጁ ምክንያቱን ንገሩት፤ ዝም ብሎ አይሸምድድ።

ከጅዳ፦ ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን አይደል? ለልጄ ምን ይጠቅመዋል?

ጋሼ፦ አጽዋማትና በዓላት ማውጫው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱን ተወው። መስከረም 1 የሚውልበት ቀን ግን ለቡታጅራም ለጅዳም አንድ ነው።

ከጅዳ፦ እሺ፣ ገባኝ።

እንግዳ፦ ኮዲንግስ? አብሮ ይሄዳል?

ጋሼ፦ ኮዲንግ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

ከአዳማ፦ ልጄ ፈጣን እንዲሆን በስልክ ሰዓት እየያዝኩ አሠራዋለሁ። አሁን አባከሱን ሲያይ ያለቅሳል።

ጋሼ፦ ወገን፣ ስንቴ ልበል! ስልኩን አስቀምጥ። ለጥቂት ሳምንታት እሱ ይጠይቅህ፣ አንተ ሥራ። ስትሳሳት ይሳቅብህ።

የሀዋሳ እናት፦ ጋሼ፣ የ4ኛ ክፍሉ ልጄ አሁን 2019ን ሠርቶ ዓርብ አለኝ።

ጋሼ፦ ዓርብ ነው፣ ጎበዝ! በወረቀት ነው በጭንቅላቱ?

የሀዋሳ እናት፦ በወረቀት። ግን...

ጋሼ፦ ይሁን፣ በወረቀት ይቆይ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ብቻ እንዳትነግሪኝ።