«ሂር» እና «ሊስን»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)፦ የእንግሊዝኛዎቹ «ሂር» (hear) እና «ሊስን» (listen) ሁለቱም መስማት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ የፈቃድ ነው። ድምፅ ሳንፈልገውም ጆሯችን ሲገባ «ሂር» ይባላል፤ ልብ ብለን ስንከታተለው ደግሞ «ሊስን» ይሆናል። ሰኞ ባቲ ገበያ የቆመ ሰው የግመሉንና የነጋዴውን ጩኸት ወደደም ጠላም ይሰማዋል፤ ማታ ቁጭ ብሎ በማሲንቆ የአምባሰልን ቅኝት እህ ብሎ የሚያዳምጠው ግን «ሊስን» የሚባለውን እያደረገ ነው። ስለዚህ «አይ ሊስንድ በት ሂርድ ነቲንግ» ያለ ሰው፣ ጆሮዬን ብጥልም ምንም አልሰማሁም ማለቱ ነውና ንግግሩ እርስ በርሱ አይጋጭም።

እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስተን ግን ሌላ ነው። «ልጄ አይሰማኝም» ስንል ምክሬን አይቀበልም ማለታችን ሲሆን፣ ይህን በ«ሂር» የሚተረጉም ወላጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልጁን ደንቆሮ ያደርገዋል። ቦታው የ«ሊስን» ነው።

ጥያቄ (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)፦ በስልክ «አይ አም ሂሪንግ ዩ» ብል ታረምሁ፤ ለምን?

መልስ፦ በዚያች ቅጽበት የሚሰማንን ስንገልጽ የተለመደው አነጋገር «አይ ካን ሂር ዩ» ነው። «ሊስን» ፈቃዳዊ ድርጊት ስለሆነ «አይ አም ሊስኒንግ» ያስኬዳል። ይሁንና ሰሞኑን ደጋግሞ ስለሚደርስ ወሬ ሲነገር «ሂሪንግ»ም ስለሚባል ሕጉን እጅግ አያጥብቁት።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሐይቅ)፦ ከ«ሊስን» በኋላ «ቱ» እና «ፎር» መቼ ይገባሉ?

መልስ፦ በረመዳን ማፍጠሪያው ሲቃረብ የመግሪብን አዛን በጉጉት የሚጠባበቅ ሰው ገና ያልመጣ ድምፅ ይጠብቃልና «ሊስን ፎር» ይባልለታል፤ አዛኑ ተጀምሮ ሲከታተለው «ሊስን ቱ» ይሆናል። የሚደመጠው ካልተጠቀሰ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ፣ ወልድያ)፦ ዳኛ በጥሞና የሚያዳምጥ ከሆነ ችሎቱ ስለ ምን «ሂሪንግ» ተባለ?

መልስ፦ በሕግ ቋንቋ «ሂር» ጉዳይን በይፋ ተቀብሎ ማየት ማለት ነው፤ የእኛም ፍርድ ቤት «የግራ ቀኙን ክርክር ሰምቷል» ብሎ ይጽፋል።