በሥዕል ላይ ስም መጻፍ ውዳሴ ከንቱ ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ? ለደብራችን ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን ሥዕል፣ በጣውላ ሥዬ እንዳበረክት አስተዳዳሪው ፈቅደውልኛል። ከሥሩ ስሜን ልጻፍ ብል ታላቅ ወንድሜ «ውዳሴ ከንቱ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። ሥራዬ ከእኔ በኋላ እንዲቀር፣ ስሜም እንዲነሣ መፈለጌ ኃጢአት ነው? ከሞጣ።

መልስ፦ ልጄ፣ መፈለግህ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በመንፈሱም ሞልቶ ነው የድንኳኑን ሥራ የሰጠው (ዘጸ. 31፥2-3)። ግንቡን የጀመሩት የሰናዖር ሰዎች ግን ለራሳቸው ስም ሊያስጠሩ ተነሡ (ዘፍ. 11፥4)። አንተ ከየትኛው ወገን እንደሆንህ ለማወቅ ራስህን ጠይቅ፦ አስተዳዳሪው «ስሙን አጥፋው» ቢሉህ ሥዕሉን ትሰጣለህ ወይስ ይዘኸው ትመለሳለህ?

አባቶች ስም ጽፈዋል። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» (ለጻፈውና ላስጻፈው) እያሉ ምሕረት ይለምናሉ። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ብትሄድ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ንግሥት ሆነው ቦታቸው ታች ነው። አንተም ከታችኛው ጠርዝ «ተማኅፀነ በኪ ገብርኪ» (ባሪያሽ በአንቺ ተማፀነ) ብለህ የክርስትና ስምህን አስከትል፤ በጸሎት የሚነሣው እሱ ነውና። ፊደሉ ከላይ ከምትጽፈው ከእመቤታችን ስም ይነስ። ዛሬ ዛሬ ስልክ ቁጥር የሚጨምሩ አሉ፤ ያ ማስታወቂያ ነው።

ሥራው እንዲቀር ከፈለግህ ከስሙ ይልቅ ለጣውላው ተጨነቅ። በደንብ የደረቀ፣ ጉጥ የሌለው ዋንዛ ምረጥ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ጀሶውን በቆዳ ሙጫ ለውሰህ በስሱ ደጋግመህ ቀባ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብ። ሙጫው ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። በጣትህ ስታሸው ነጭ ከወጣ ሙጫ አንሶታል ማለት ነው፤ ቀለም ከማሳረፍህ በፊት ፍቀህ እንደገና ጀምር። ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቅፋት፤ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፍ እንደያዙ ከግራና ቀኝ አቁም። ቀሚሷ ቀይ፣ መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ይሁን።

ስምህን የምትጽፈው ሥዕሉ በሜሮን፣ በቅዱሱ ቅባት፣ ከመክበሩ በፊት ነው። ከከበረ በኋላ ግን ደብዝዞ ብታየው እንኳ ብሩሽ ይዘህ አትጠጋ፤ ለአስተዳዳሪው ንገር።