የሊስትሮ ሣጥንህን አትሽጥ

ደብዳቤህ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜህ 17 ነው፤ በ11 ዓመትህ ከአዴት መጥተህ ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ ትሠራለህ። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርትን ሦስት ዓመት ጨርሰሃል። አሁን ደግሞ የስድስት ወር የእንጨት ሥራ ሥልጠና ከሕይወት ክህሎት ጋር ተገኝቶልሃል። እናትህ በየወሩ የምትልክላቸውን ብር ይጠብቃሉ፤ አጎትህ «ታክሲ ላይ ረዳት ሁን» ይሉሃል። ጓደኞችህ በበኩላቸው የሕይወት ክህሎቱን «እጅህን ታጠብ፣ ማስቲሽ አትሳብ የሚል ወሬ ነው» ብለው ይሥቁበታል።

ጓደኞችህ ግማሽ እውነት አላቸው። ጎዳና ላይ ስድስት ዓመት የኖረ ልጅ ሰው በመለየትና በመደራደር አሠልጣኙን ያስከነዳል። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ብር ማሳደር። ኪስህ ውስጥ ብር ይዘህ ብትተኛ ትልልቆቹ ይፈትሹሃል፤ ስለዚህ ሳይመሽ በልቶ መጨረስ ብልጠት እንጂ ሞኝነት አልነበረም። ወርክሾፕ ስትገባ ግን ያው ብልጠት ይጥልሃል።

ይህን የምለው ደብዳቤ ወደምመልስበት ወደዚህ ወንበር ሳልመጣ ዘጠኝ ዓመት መላጊያ ስገፋ ስለኖርኩ ነው። አንድ እንዳንተ ከጎዳና የመጣ ልጅ ነበረን። እኛ መለኪያ ስንፈልግ እሱ ጣውላውን በመዳፉ ዳብሶ የት ጋ እንደጎበጠ ይነግረን ነበር። በ12ኛው ቀን ቀረ። ሰነፍ ነው አልን። ሊስትሮ ላይ ሒሳቡ ቀለሙ ሳይደርቅ እጅህ ይገባል፤ እኛ ጋ ወር መጠበቅ ነበረበት። ማታ ምን እንደሚበላ የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እናትህን በተመለከተ ቅር አይበልህና፣ የ17 ዓመት ልጅ አባወራ አይደለም። ደውለህ «እማዬ፣ ስድስት ወር አልልክም» በላቸው። ይከፋቸው ይሆናል፤ ቢሆንም ቁርጡን ይወቁ። አጎትህ የሚሉት ረዳትነት ዛሬውኑ ይከፍላል፤ በሦስት ዓመቱም ያው ረዳት ነህ።

ለራስህ ጉርስ ግን ሥራህን አትተው። መናኸሪያው የሚሞቀው ገና ሳይነጋ ነው፤ ከሥልጠናው በፊት ጥቂት ጫማ ታደርሳለህ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ደግሞ ጣና ዳር ሽርሽር የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ከምግብ የተረፈህን ሳይመሽ ለምታምነው ባለሱቅ አስረክብ። አሠልጣኞቹ እጅ መታጠብ ላይ ሲደርሱም «ብር እንዴት እንደሚያድር አስተምሩን» በላቸው፤ አያፍሩብህም።

ለልምምድ ወርክሾፕ ገብተህ ባለቤቱ «አምሽ» ቢልህ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ18 ዓመት በታች ያለን ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን እንደሚከለክል እወቅ።

የጨረስከው አማራጭ ትምህርት ከ4ኛ ክፍል እኩል ስለሆነ፣ የማታ 5ኛ ክፍል ከሥልጠናው በኋላ ይደርሳል። የቀበሌ መታወቂያ 18 ሲሞላህ ነው። ዋስ የሚሆንህ ሰው ካጣህ አስተማሪህን ጠይቅ።

ግርጌ ላይ «ሣጥኔን ልሽጠው?» ብለሃል። አትሽጥ። ሁለተኛው ወር ላይ ቁርጥራጭ ጣውላ ለምነህ በራስህ እጅ አዲስ ሣጥን ሥራ፤ ከቀለሙ ማስቀመጫ ሥር ቁልፍ ያለው መሳቢያ አድርግበት። ሣጥኑን ማታ ማታ የሥልጠና ማዕከሉ ያሳድርልህ።